የማን ፕሮቴጄ?

ቤቴ ዓለም ባንክ ነው። ይህንን ስነግረው ደንገጥ ብሎ ቀና የሚል ሰው አይጠፋም፤ ዶላር ስቆጥር የምውል ይመስለዋል መሰለኝ። ኧረ እኛ ዘንድ ያለው የታክሲ ሰልፍ ነው! ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በባንኩ ገንዘብ ከተሠሩት ቤቶች ነው። ገንዘቡን የሚጠይቅ አይጠፋም፤ የወሰድነውን ስም ግን መልሱ ያለን የለም።

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ መጣ። አሥረኛ ክፍል ሳለ ጀምሮ እንግሊዝኛ አስጠንቼዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም መጻሕፍት አውሼዋለሁ (ሁለቱ እስካሁን አልተመለሱም)። አሁን ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሊያመለክት ነውና የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ አለኝ። ጻፍኩለት። ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ በእንግሊዝኛው መሐል፣ «ይህ ወጣት ፕሮቴጄዬ ነው» አልኩ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። በሁለቱ «ኢ» ፊደሎች አናት ላይ የሚቀመጡትን ጭረቶች ኮምፒዩተሩ ላይ ፈልጌ ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ያለ ጭረት የሚጽፉት እንግሊዞች ሞልተዋል፤ እኔ ግን ማወቄ እንዲታወቅልኝ ፈለግሁ።

ልጁ አነበበና ዝም አለ። ከዚያ፣

«ጋሼ፣ ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?»

«አንድ ትልቅ ሰው የሚያስተምረው፣ የሚደግፈው ወጣት ማለት ነው።»

ስልኩን አውጥቶ ነካ ነካ አደረገ። «እዚህ ግን ‹የተጠበቀ› ይላል። እርስዎ ከምን ጠበቁኝ?»

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «እዚያ ያሉት ሰው አለው፣ በሰው ነው የመጣ እንዳይሉኝ ብዬ ነው እንጂ...» አለ። «ፈተናውን ያለፍኩት ቁጭ ብዬ አጥንቼ ነው።»

እውነቱን ነው። የቃሉ ሥር «መጠበቅ» የሚለው የፈረንሳይኛ ግስ ነው። ለሴት ሲሆን መጨረሻው ላይ አንድ «ኢ» ይጨመራል፤ ሲነገር ግን ልዩነቱ አይሰማም። ደግሞ አዲስ አበባ ይህን ቃል ያወቀችው በእኔ ደብዳቤ አይደለም። በ1900 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1908፣ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር በተዋዋሉት ውል የፈረንሳይ ዜጎችና ፕሮቴጄዎች በቆንስላቸው ፊት፣ በአገራቸው ሕግ የሚዳኙበት መብት አገኙ። ሌሎች መንግሥታትም ለእኛም ይገባናል አሉ። የራሱ ቆንስል የሌለው አርመንም ሆነ ሌላ ነጋዴ ወደ አንዱ ሌጋሲዮን ተጠግቶ ከለላ ያገኝ ነበር። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ፕሮቴጄ ማለት ጎበዝ ተማሪ ማለት አልነበረም፤ የአገሩ ዳኛ እንደልቡ የማይነካው ሰው ማለት ነበር። ልጁ የፈራው ይህንኑ ነው፣ ታሪኩን ሳያውቀው።

ከፈረንሳይኛ የወሰድነው እኮ ብዙ ነው። ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ቢሮ፣ ለገሃር። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ሹፌር በመነሻው እሳት የሚያነድ፣ ቦይለር የሚያሞቅ ሰው ነበር፤ የእኛ ሰፈር ሹፌር ይህን ብነግረው «አሁንም የሚያነደኝ ትራፊኩ ነው» ሳይለኝ አይቀርም። እነዚህ ቃላት ዕቃውን ይዘው ገቡ። የእኔዋ ቃል ይዛ የገባችው ግን እኔን ነበር።

በአማርኛ ብጽፈውስ ምን እል ነበር? ደቀ መዝሙር ብል ቅኔ ቤት ያስገባኛል። ባለሟል ብል ራሴን ንጉሥ አደረግሁት። «የእኔ ሰው» ካልሁማ ልጁ የሸሸበት ቦታ አስገባሁት። የቅኔ ተማሪዎች ወግ ትዝ አለኝ። አንዱ ለአንዱ «ከማን ተማርክ?» ይለዋል፤ ተማሪው የመምህሩን ስም ይጠራል፣ ስሙን ሲጠራም ይኮራል። የኔታ ግን «እገሌ የእኔ ነው» እያሉ አይዞሩም። ስሙን የሚጠራው ወደ ላይ የሚያየው ነው። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ፕሮቴጄ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሌሎች ሲያወሩ ነው፤ «የእገሌ ፕሮቴጄ ነበር» ይባላል። ባለቤቱ ራሱ «ፕሮቴጄዬ» ሲል ግን ደብዳቤው ስለማን እንደሆነ ያጠራጥራል። ለነገሩ ያንን ደብዳቤ ደግሜ ሳነበው ከስድስቱ መስመሮች አራቱ ስለ እኔ ነበሩ።

ቃሉን ሰረዝኩት። በምትኩ «ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ አስጠንቼዋለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የእኔን ጽሑፍ የሚያርመው እሱ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ደግሞ እውነት ነው፤ መጻፉ ግን ትንሽ ከበደኝ። ልጁ አነበበና አንዲት ነጠላ ሰረዝ አስተካከለልኝ።

እናቱ ቡና አፍልተው ስለነበር ወረቀቱን ይዘን እነሱ ቤት ገባን። ለሰዓታት የተከራከርንበትን ነገር አሳጥሬ ነገርኳቸው። ጀበናውን አስቀመጡና፣

«ይሄ ምን ያስጨንቃል? ያንተው ልጅ አይደል እንዴ!» አሉ።

ልጁን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ብሏል። ቡናውን ፉት አለና፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሳይዘጋ ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።