በፊት አጥንት ውስጥ የሚበቅል ዕጢ

የፊታችን አጥንት ሁሉ ድፍን አይደለም። በግንባር፣ በጉንጭና በሁለቱ ዓይኖች መካከል አየር የያዙ ባዶ ቦታዎች አሉ። ሐኪሞች «ሳይነስ» ይሏቸዋል።

አንዳንድ ጊዜ በነዚህ ቦታዎች ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ይህ የአጥንት ዕጢ ካንሰር አይደለም። ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት አይዛመትም። በልጆች ላይ የሚታየውም ከስንት አንድ ነው። ታዲያ ምኑ ያስፈራል? ቦታው ነው። ጎረቤቶቹ ዓይንና አንጎል ናቸው። እያደገ ሲሄድ ዓይንን ወደ ውጭ ይገፋል፤ አፍንጫን ይዘጋል፤ ራስ ያሳምማል።

እኛ በምናስተምርበት ቀበሌ የአንድ የ9 ዓመት ልጅ ግራ ዓይን ወደ ውጭ ወጣ። አንዳንዶች «ቡዳ ነው» አሉ። ሌሎች «በጋለ ብረት ይተኮስ» አሉ። እናቱ ግን «ዓይኑ ሳይጠፋ ሐኪም ይየው» አለች። አብረናት ከተማ ሄድን። ልጁ በሲቲ ስካን ታየ። ይህ መሣሪያ ቢላዋ ሳይነካን የራሳችንን ውስጥ እንደ ተቆራረጠ ዳቦ ያሳያል። መጀመሪያ ለበሽተኛ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ነው።

እናትየዋ «ፊቱን ልትሰነጥቁት ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሙ እንዲህ ሲል አስረዳን። ልጁ በማደንዘዣ ይተኛል፤ ሕመም አይሰማውም። መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው ይገባል። ዕጢው በትንሽ መሰርሰሪያ ከውስጥ ይቦረቦራል። ከዚያ ቅርፊቱ እንደ እንቁላል ተሰብሮ ይወጣል። ዕጢው በጣም ትልቅ ከሆነ ወይም በአፍንጫ በኩል ካልተደረሰበት ግን ቆዳ ተቀዶ ይወጣል።

ዕጢ ሁሉ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። ትንሽ ከሆነና ካልጎዳ በየጊዜው እየታየ ይጠበቃል። የልጅ ፊት ገና ያድጋልና ሐኪም አይቸኩልም። ዓይን ሲገፋ ግን መዘግየት የለም።

ልጁ ኦፕራሲዮን ሆነ። ዓይኑም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንዳንዱ ዕጢ ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል ዛሬም በቀጠሮው ይታያል።

ወላጆች ሆይ! የልጃችሁ አንድ ዓይን ወጣ ካለ፣ ፊቱ በአንድ ወገን ካበጠ፣ አንዱ አፍንጫው ሁልጊዜ ከተዘጋ፣ አትተኩሱት፤ አትብጡት። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከባድ በሽታም ሊሆን ይችላል። ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጠፋ ዓይን በገንዘብ አይገዛም።