ከአባቴ ጋር ሰርዲን ስንበላ

እናቴ ባረፈች በአሥረኛው ወር አባቴን ወደ ቤታችን አመጣነው። በዚያ ዕድሜው ብቻውን በር ዘግቶ መኖሩ አላስቻለንም። ልብሱን በሁለት ሻንጣ፣ ሬዲዮውን በፌስታል ይዞ መጣ። የልጄን ክፍል ለቀቅንለት። አልጋው ተነጠፈ፣ ጋቢው ታጠበ፣ ሁሉም ነገር ተሟላ። ምግብ ግን አልበላ አለ።

አልበላ አለ ስል ጨርሶ አይቀምስም ማለቴ አይደለም። ሁለት ጊዜ ይጎርሳል፤ ከዚያ «ተመስገን፣ ጠገብኩ» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ጠዋት አጥሚት፣ ለምሳ ሽሮ፣ ማታ ሾርባ አቀርባለሁ። እሑድ እሑድ ዶሮ ሠራሁ፤ እሱንም ነካ አድርጎ ተወው። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ያየሁት ቀን ግን ደነገጥኩ። ሐኪም ቤት ወሰድነው። ደሙ ተመረመረ፣ ሆዱ በአልትራሳውንድ ታየ። አብሮት ከኖረው የደም ግፊት በቀር የተገኘበት ነገር የለም። ሐኪሙ «ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ፤ ገንቢ ምግብ አይጉደልባቸው» ብሎ ሸኘን።

ይህን መናገር ቀላል ነው። እኔ ግን ከሥራ በገባሁ ቁጥር የሚጠብቀኝ ያልተነካ ትሪ ነበር። አንድ ማታ ትዕግሥቴ አለቀና «አባዬ፣ ለማን ብዬ ነው የምሠራው? በሐዘን ላይ ሐዘን ልትጨምርብኝ ነው?» አልኩት። ጮክ ብዬ ነበር የተናገርኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አድርጎ ወደ ክፍሉ ገባ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። እኛ የምናበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ከሰልም አልነበረንም። የ11 ዓመቱን ልጄን «ሱቅ ሂድና ዳቦ ግዛ፤ ከዳቦ ጋር የሚበላ ነገርም ካገኘህ ጨምር» ብዬ ላክሁት። ስድስት ዳቦና ሁለት ቆርቆሮ ሰርዲን ይዞ ተመለሰ።

እውነቱን ልናገርና አፈርኩ። ሰርዲን በእኔ አእምሮ የተማሪ ምግብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ወር ሲያልቅ አንዱን ቆርቆሮ ለአራት የምንካፈለው ማለት ነው። የምግብ ፍላጎቱ ለጠፋ አዛውንት አባት፣ ያውም በሻማ ብርሃን፣ ሰርዲን ይቀርባል? «ለአባባ እንቁላል ካለው ጠይቅ» ብዬ ልጁን ልመልሰው ስል አባቴ ከሶፋው ተነስቶ መጣ። አንዱን ቆርቆሮ አንስቶ ወደ ሻማው አስጠጋው። ገለበጠው። ጎኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፣

«ቁልፉስ?» አለ።

«የምን ቁልፍ?» አለው ልጄ።

«መክፈቻው ነዋ!»

ልጄ ክዳኑ ላይ ያለችውን ቀለበት አሳየው። አባቴ ሳቀ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ድምፅ ያለው ሳቅ ሲስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ አምጪ። ቢላውንም» አለኝ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቴ ውስጥ ያዘዘኝ።

አባቴ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የነዳው ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ ሹፌሮቹ «ኤንትሬ» የሚሉት። መንገዱ የአሰብ መንገድ ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ አድርጎ ሚሌ ይወርዳል፤ ከዚያ በዲችኦቶ፣ በማንዳ፣ በቡሬ አልፎ ባሕሩ ዳር ይደርሳል። ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እናቴ የቋጠረችለት ወጥ ባቲን ካለፈ በኋላ በሙቀቱ ይበላሻል። ስለዚህ ከወንበሩ ሥር የማትጠፋ አንዲት ካርቶን ነበረችው፤ በውስጧ ሰርዲን። በዚያ ዘመን ቆርቆሮው የሚከፈተው አብራ በምትመጣ ትንሽ ቁልፍ ነበር። ቁልፏን ጫፉ ላይ አስገብቶ ክዳኑን እንደ ምንጣፍ መጠቅለል ነው።

ያን ማታ ሽንኩርቱን እየከተፈ ይህን ሁሉ ለልጄ ነገረው። ቀን ፀሐዩ ሲከር ከተሳቢው ሥር ጥላ ይዘው ከረዳቱ ጋር ይቀመጣሉ። ፉርኖ ዳቦ ለሁለት ይገመሳል። ዓሣው ተቆጥሮ እኩል ይካፈላል። «ሹፌር ነኝ ብለህ አንድ ፍሬ ብታበልጥ ሌሊት ጎማ ሲፈነዳ ረዳትህ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳልህ» አለው። ልጄ በሳቅ ፈነዳ። አባቴ እያወራ አንድ ሙሉ ዳቦ በላ። እኔ በሻማው ብርሃን ጉርሻውን እየቆጠርኩ ነበር፤ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ከዚያ ምሽት በኋላ ብዙ አሰብኩ። አባቴን የከፈተው ሰርዲኑ ብቻ አልነበረም። እኛ እሱን ስናከብር ለካ እንግዳ አድርገነው ኖሯል። ምግቡን ከሁላችን አስቀድመን፣ ለብቻው፣ በትሪ፣ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት እናቀርብለታለን። ውኃ እንኳ ተነስቶ እንዲቀዳ አንፈቅድለትም። ሃምሳ ዓመት ከሚስቱ ጋር ከአንድ ገበታ የበላ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ምን ይዋጥለታል? ያን ዕለት ግን ቢላ ያዘ፣ ከተፈ፣ አካፈለ፣ የሚሰማውም አገኘ። አሁን ትሪው ቀርቷል። ሁላችንም አብረን እንቀርባለን፤ ሽንኩርት መክተፍም የእሱ ሥራ ሆኗል።

ሰርዲኑም ከቤታችን አልወጣም። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እንሠራዋለን። ለሞከረው ሰው እንዲጠቅም ከነአሠራሩ ልጻፈው። መጠኑ ሱቅ ውስጥ በብዛት ለሚገኘው ለ125 ግራሙ ቆርቆሮ ነው።

የመጀመሪያው የአባቴ የመንገድ አሠራር ነው፤ እሳት አይፈልግም። ዘይቱን አጥልላችሁ ዓሣውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በሹካ ፈረካክሱት። ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ጠንከር ያለ ቲማቲምና አንድ ቃሪያ በደቃቁ ክተፉ። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምቁበትና አዋህዱት። አሥር ደቂቃ ከቆየ ሎሚው የሽንኩርቱን ኃይል ያበርደዋል፤ የዓሣውንም ሽታ ይቀንሰዋል። ከትኩስ ዳቦ ጋር ይበላል።

ሁለተኛው በስልስ ነው። እናቴ ትሠራው የነበረው ይህንን ነው። አንድ ትልቅ ራስ ቀይ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት ታቁላላለች፤ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ትጨምራለች፤ ከዚያ ሦስት የበሰሉ ቲማቲሞች ትከትፍበታለች። ቲማቲሙ ውኃውን መጥጦ ዘይቱ ብቅ ሲል ሰርዲኑን ከላይ ትደረድረዋለች። ምስጢሩ ከዚህ በኋላ አለማማሰል ነው። ዓሣው አንዴ የበሰለ ስለሆነ መሞቅ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ካማሰላችሁት ይፈርሳል። ክዳኑን ገጥማችሁ ሦስት ደቂቃ ብቻ ጠብቁ። በእንጀራም በዳቦም ይሆናል።

ሦስተኛው ዱለት ነው። ሐዋሳ ሄዶ የዓሣ ዱለት የቀመሰ ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል። መጥበሻ ላይ ጥቂት ዘይት አሙቁና የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ ለአንድ ደቂቃ ለብ ለብ አድርጉ። የተፈረካከሰውን ሰርዲን፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ኮረሪማና ሚጥሚጣ ጨምሩበት። ሁለት ደቂቃ በቂው ነው። ቆጮ ካለ ከቆጮ ጋር፣ ከሌለ ከእንጀራ ጋር ነው።

አራተኛው ለልጆች ነው። አራት መካከለኛ ድንች ቀቅሉና ፍጩ። ዘይቱ የተጠለለ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን፣ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠልና አንድ እንቁላል ቀላቅሉበት። በእጅ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ በዱቄት ለወስ ካደረጋችሁ በኋላ በትንሽ ዘይት ሁለቱንም ፊት ጥበሱ። ልጄ ለትምህርት ቤት ምሳ ይህንን ይዞ ይሄዳል። ዝም ብዬ ሰርዲን በዳቦ የቋጠርኩለት ቀን ጓደኞቹ «ሸተተን» ብለው አፍሮ ሳይበላ መልሶት ነበር። ድንቹን ግን አሁን እነሱም ይሻሙታል።

ፓስታ ለሚወዱ ደግሞ ሌላ አለ። የሲሲሊ ሰዎች ፓስታቸውን በትኩስ ሰርዲንና በዱር እንስላል ይሠራሉ። እንስላል በእኛም አገር ስላለ በቆርቆሮው ሰርዲን ሞከርኩት። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ለብ ይደረግና ሰርዲኑ፣ አንድ ጭብጥ የተከተፈ እንስላልና አንድ ጭልፋ ፓስታው የተቀቀለበት ውኃ ይጨመራል። ከዚያ ፓስታው ይገለበጥበታል። አባቴ «ይኼ የፈረንጅ ነው» እያለ ሁለተኛ አወጣ።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ። የአባቴ ነገር ስላሳሰበኝ በቀጠሮው ቀን ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ሰርዲን ገንቢ ነው፤ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ቅባት፣ ቫይታሚን ዲና ቫይታሚን ቢ12 አለው። ቆርቆሮው ከታሸገ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚበስል አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ከነአጥንቱ ሲበላ ደግሞ ጥሩ የካልሲየም ምንጭ ነው። ጥርስ ለሌለው ሰውም አያስቸግርም። ለሕፃን ሲሰጥ ግን በደንብ ይፈጭ።

ችግሩ ጨው ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ሰርዲኑን ወንፊት ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ በውኃ ቢያለቀልቀው የተወሰነውን ጨው ይቀንሳል። እኔ ምግቡ ላይ ሌላ ጨው አልጨምርም። የሱቅ ሚጥሚጣ ራሱ ጨው እንዳለው አትርሱ። ሪህ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ሰርዲን ዩሪክ አሲድን ከፍ ስለሚያደርግ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ያበጠ ወይም ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ይጣል እንጂ አይቀመስ። ተከፍቶ የተረፈውን በቆርቆሮው ውስጥ አትተዉት፤ ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጡና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፤ በማግሥቱ ይበላ።

አባቴ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል ብዬ አልዋሽም። አሁንም «ጠገብኩ» የሚልባቸው ቀኖች አሉ። የእናቴ ሙት ዓመት የወጣ ሰሞን ሦስት ቀን ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሰም። ያን ጊዜ ግን አልጮህኩም፤ አጠገቡ ተቀምጬ የራሴን በላሁ። በአራተኛው ቀን ቢላውን ራሱ አነሳ። ቀበቶው ዛሬ ከአዲሱ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ቀድሞው ተመልሷል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ዓሣን በጾም የሚበላ ቤት አለ፣ የማይበላም አለ። እናቴ ከማይበሉት ነበረች፤ በጾም ወራት የሰርዲን ቆርቆሮ ማጀቷ እንዲገባ እንኳ አትፈቅድም። አባቴ በበኩሉ መንገድ ላይ ሁዳዴም ሆነ ረቡዕ ሳይል ይበላ ነበር። ስትቆጣው መልሱ ሁሌ አንድ ነው፤ «እኔ መንገደኛ ነኝ»። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ በዚህ እንደተከራከሩ ኖሩ።

ባለፈው ረቡዕ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ ይዞ «አባባ፣ ዛሬስ?» አለው። አባቴ ቆርቆሮውን ተቀብሎ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠውና «ነገ» አለ።

እኔም ለቀልድ «አባዬ፣ ድሮ ረቡዕ ትበላ አልነበር?» አልኩት።

«ያኔ መንገደኛ ነበርኩ» አለኝ። «አሁን ቤቴ ነኝ።»