ዶሮውን አታባርሩት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጩኸት ነው። አይዟችሁ፣ የፖለቲካ አይደለም፤ የሙዚቃ ነው።

የምሠራው ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከምድር በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ነው። አብረውኝ የሚውሉ ሁለት አሜሪካውያን አሉ፤ አንዱ ጥበቃ ነው፣ ሌላው የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ። ሁለቱም ስድሳን ተሻግረዋል፤ ሁለቱም ራሞንስ የሚባል የፓንክ ሮክ ባንድ ፍቅር ይዟቸዋል። ታዲያላችሁ፣ በፍቅሩ አንድ ይሁኑ እንጂ ምሳ ሰዓት ላይ በአንድ አልበም የተነሳ የማይባባሉት ነገር የለም።

ለማታውቋቸው ትንሽ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ያዙልኝ።) ራሞንስ በ1974 ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ፎረስት ሂልስ ከሚባለው ሰፈር የወጡ አራት ጎረምሶች ናቸው። ወንድማማቾች አይደሉም፤ ግን ሁሉም «ራሞን» የሚል ስም ለራሳቸው አወጡ፤ ጆዊ ራሞን፣ ጆኒ ራሞን፣ ዲ ዲ ራሞን፣ ቶሚ ራሞን። ዘፈናቸው አጭርና ፈጣን ነው። ማስረዘም፣ ማሽሞንሞን ምናምን የለም። በ1976 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈን ይዞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የጭቅጭቁ ሰበብ የሆነው አልበም ግን ሌላ ነው። «ኢትስ አላይቭ» ይባላል፤ በእኛ «በሕይወት አለ» እንደማለት። ዲሴምበር 31 ቀን 1977፣ በፈረንጆቹ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ለንደን ሬይንቦ ቲያትር መድረክ ላይ ተቀርጾ በ1979 በሁለት ሸክላ የወጣ ነው። 28 ዘፈን በ54 ደቂቃ ገደማ! እስቲ ሂሳቡን ሥሩት፤ ለአንድ ዘፈን ሁለት ደቂቃ አይደርስም። አንዱ አልቆ ጭብጨባው ሳይበርድ ዲ ዲ እስከ አራት ይቆጥራል፤ ሌላው ይጀመራል። ሰው መቼ ይተነፍሳል?

ጥበቃው «ስቱዲዮ የሠሩት ይበልጣል» ባይ ነው። «እዚያ ሁሉም ነገር ይሰማል። የጆዊ ድምፅ ቃል በቃል ይለያል። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ይሮጣሉ» ይላል። የጥገናው ሰውዬ ደግሞ እንደ እሳት ይንቦገቦጋል። «ሩጫው ነው ዋናው! ሕዝቡ ሲጮህ አትሰማም? አዳራሹን አትሰማም?» ይላል። የሚስማሙት በ1991 በወጣው ሌላ የመድረክ አልበም ላይ ብቻ ነው። «እሱስ ፍጥነቱ በዛ» ይላሉ፤ ሁለቱም።

በ2019 ለአልበሙ 40ኛ ዓመት በዚያው የእንግሊዝ ጉዞ የተቀረጹት አራት ዝግጅቶች በሙሉ ባንድ ላይ ወጡ። የጥገናው ሰውዬ ሮጦ ገዛ። ጥበቃው ግን ምሳው ትን እስኪለው ሳቀ። «አራት ምሽት ያንኑ ዘፈን ልትሰማ?»

«ዘፈኑ ያው ነው። ሰዉ ግን ሌላ ነው» አለ የጥገናው ሰውዬ።

የምር ግን፣ እኔ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ሁለቱም ለጆሮዬ አንድ ዓይነት ጩኸት ነበሩ። አንድ ቀን «ለመሆኑ በአካል አይታችኋቸዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። ጥበቃው ሰባት ጊዜ አይቷቸዋል። አንዴማ ከፊት ቆሞ የጆኒ ጊታር ጆሮውን ለሦስት ቀን ደፍኖታል። የጥገናው ሰውዬ ግን ዝም አለ። ኋላ ላይ «2,263 ጊዜ ተጫውተዋል፤ እኔ አንዱንም አላየሁ» አለኝ። ልጅ ሳለ ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ ሲገኝ ሥራ አለ፤ «በሚቀጥለው ዓመት» ሲል በ1996 የመጨረሻቸውን ተጫወቱ። ከዚያማ ጆዊ በ2001፣ ዲ ዲ በ2002፣ ጆኒ በ2004፣ ቶሚ በ2014 አረፉ። «በሕይወት አለ» ብለው ከቀረጹት ከአራቱ ዛሬ አንድም የለም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ጥበቃው ጩኸቱ ውስጥ ነበረ። አዳራሹን በጭንቅላቱ ይዞታል፤ ከሸክላው የሚፈልገው ጥርት ያለ ዘፈን ብቻ ነው። ያኛው ግን በር ላይ የቀረ ሰው ነው። ለእሱ የሕዝቡ ሁካታ የመግቢያ ትኬቱ ነው።

ለምን እንደገባኝ ልንገራችሁ።

የካሴት ደብዳቤ ታስታውሳላችሁ? ስልክ እንደ ወርቅ በሚወደድበት ዘመን ቤተሰብ ቴፕ ከፍቶ ያወራል፤ ካሴቱ በመንገደኛ እጅ አሜሪካ ይደርሳል። እናቴ በ1986 ዓ.ም. እንደዚያ አድርጋ የላከችልኝ አንድ ካሴት ነበረኝ። ጤናዬን ትጠይቃለች፣ የጎረቤት ሠርግ ታወራለች፣ ከኋላ ቡና ይወቀጣል። ከዚያ ልትመርቀኝ ትጀምራለች። ልክ ምርቃቱ መሃል አውራ ዶሮ ይጮሃል። «ኧረ ያንን ዶሮ አባሩልኝ!» ትልና ትስቃለች፤ ሳቁ ሳል ይሆናል፤ «የቱ ጋ ነበርኩ?» ትላለች። እናቴ ስታርፍ ወረቀቴ አላለቀም ነበርና ለቀብሯ አልደረስኩም። ካሴቱን ስከፍት ግን ግቢያችን እገባለሁ።

ባለፈው ዓመት እህቴ ልታስደስተኝ ብላ ካሴቱን ለልጇ ሰጠችው። ልጁ ኮምፒውተር ይችላል። በልደቴ ቀን «ጋሼ፣ አያቴን አጸዳኋት!» ብሎ አሰማኝ። ድምጿ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። ቡናው ግን የለም። ግቢው የለም። እናቴ «ዶሮውን አባሩልኝ» ትላለች፤ የሚባረር ዶሮ የለም። ሳሉም ተቆርጧል። እናቴ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ የምታወራ መሰለኝ።

«ካሴቱስ?» አልኩ።

«ከቀዳሁት በኋላ ተበጠሰ፤ ጣልነው።»

ምን ልበላችሁ፣ ኬኩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እህቴ ፊቴን አይታ ደነገጠች። «ወንድም ጋሼ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ ምን ያደርግልሃል? ድምጿ ጥርት ብሎ ሲሰማ አይሻልም?» አለችኝ። ልናገራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እሷ በዚያ ዶሮ ጩኸት ሃያ ዓመት ከእንቅልፏ ነቅታለች። ያንን ሳል ሌሊት ሌሊት እየተነሳች አስታማለች። መጨረሻ ላይ ዓይኗን የከደነችው እሷ ናት። ግቢው ውስጧ አለ፤ ሳሉንማ ብትረሳው ትወዳለች። የቀራት ነገር ቢኖር የእናቷ ድምፅ ብቻ ነው። በር ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ልጁ ጥሬውን ቅጂ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ፈልጎ እስኪያገኘው ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለቱን ቀን እህል አልቀመስኩም ብላችሁ እመኑኝ። ሲገኝ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ ሰማች። ሳሉ ሲመጣ ተነስታ ወደ ማድቤት ሄደች። እኔም አልጠራኋትም።

አሁን እሷ የጸዳውን ትሰማለች፤ እኔ ዶሮ ያለበትን።

ሁለቱንም መሥሪያ ቤት ወስጄ ለሰዎቼ አሰማኋቸው። ጥበቃው የጸዳውን ሰምቶ «ቃላቱ ይለያሉ» አለ፤ አማርኛ እንኳን ሊሰማ! ዶሮው ሲጮህ ደግሞ የጥገናው ሰውዬ ሳንድዊቹን አስቀምጦ «ይሄኛው! ይሄኛው!» አለ። ከዚያማ የተለመደው ጭቅጭቅ ተጀመረ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ያን ቀን እኔም ገባሁበት።

እናንተዬ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያረጀ ካሴት ካላችሁ ሳይበጠስ አስቀዱት። ማጽዳት ካማራችሁም አጽዱት፤ ከልካይ የለባችሁም። ግን ጥሬውንም አስቀምጡ። ያን ቀን እዚያ ያልነበረ ሰው ከቤተሰቡ አይጠፋምና፣ ለእሱ ስትሉ ዶሮውን አታባርሩት።