የጭማቂው ማሽን ከካርቶኑ ይውጣ

ልጆቻችን ለበዓል የጭማቂ ማሽን ይገዙልናል፤ እኛም መርቀን ቁም ሣጥን ላይ እናስቀምጠዋለን። ወላጆች፣ አውርዱት፤ አያስቸግርም።

መጀመሪያ ብርቱካኑን ላጡ፤ የኮኩንና የማንጎውን ፍሬ አውጡ። ማሽኑን አስነሥታችሁ ካሮቱን በራሱ መግፊያ ቀስ እያላችሁ ግፉ፤ ጣትም ማንኪያም አታስገቡ። አልነሣ ካለ ቶሎ ተበላሸ አትበሉ፤ ብዙውን ጊዜ ክዳኑ በደንብ አልገጠመም ማለት ነው። ከተንቀጠቀጠና ካጓራ ወንፊቱ በአሠር ተደፍኖ ይሆናል፤ አጥፉት፣ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ከዚያ ጥረጉት።

እጥበቱ ወዲያው ይሁን። ቄስ የነበሩት አባቴ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የቤቱ ሥራ ሁሉ እንዲያልቅ ያዙ ነበር። ለማሽኑም ደንቡ ያው ነው፦ ዓርብ ሳይታጠብ የቀረ ወንፊት ሰንበት ሲወጣ ደርቆ ተጣብቆ ይጠብቃችኋል። ያን ጊዜ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ከውስጥም ከውጭም በብሩሽ ፈግፍጉት። ሞተሩን ግን ውኃ ውስጥ አትንከሩ፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። የካሮት ቀለም ዘይት በነካ ጨርቅ ይለቃል።

ከሁሉም በላይ ይህን ስሙኝ። አንድ ብርጭቆ ጭማቂ 3 ወይም 4 ብርቱካን ይፈጃል፤ ስኳሩ ብርጭቆው ውስጥ ይቀራል፣ አሠሩ ይጣላል። ስለዚህ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ብርቱካኑን እንዳለ ቢበላ ይሻለዋል። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ፣ እሽኮሊት ከመጭመቃችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ አንዳንዱን መድኃኒት በሰውነታችን ውስጥ ከልኩ በላይ ያበረታዋል።