መጀመሪያ ሲባጎውን ፍቱት

ነገሩ የጀመረው በአልጋ ነው።

የአባታችን እናት ለዓይናቸው ሕክምና ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሊመጡ ሆነ። ደስ አለን። ቡናው ይፈላል፣ ወጉ ይደራል፣ ምርቃቱ ይዘንባል ብለን ተሰናዳን። ኋላ ግን አንድ ጥያቄ መጣ፤ እማማ የት ይተኛሉ?

ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። አንደኛው መኝታ የእናታችን ነው። ሁለተኛው የእኛ የሁለት እህትማማቾች ነው ይባላል እንጂ፣ እውነቱን እንናገር ካላችሁ የዕቃው ነው። እኛ ዕቃው በፈቀደልን ጥግ የምናድር ደባሎች ነን። ቁም ሳጥኑ ላይ እስከ ጣሪያው የተደረደረ ሻንጣ አለ። ከአልጋው ሥር ባዶ የኒዶ ቆርቆሮና የዘይት ጄሪካን አለ። ጥግ ላይ ጀርባው እንደ እርጉዝ ሆድ የተነፋ፣ ካየነው ዘመን የሌለው ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ስልካቸው የሞተባቸው ቻርጀሮች፣ ማጫወቻቸው የሞተባቸው የቪዲዮ ካሴቶች አሉ። ከበሩ ጀርባ ደግሞ በሲባጎ የታሰሩ ሰባት እስር የአባታችን ጋዜጦች። አባታችን ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጋዜጦቹ ግን ወይ ፍንክች!

እናታችንን «ይኼ ይጣል?» ብላችሁ ብትጠይቋት መልሷ አንድ ነው። «ተይው፣ ይጠቅማል።» ለምን ይጠቅማል? መቼ ይጠቅማል? እሱን እግዜር ያውቃል። ድሮ እንስቅባት ነበር። ሳቃችንን ያቆምነው አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስናወራ ነው። ልጅነቷ ያለፈው በደርግ ዘመን፣ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ነበር። «ዘይት መጣ ሲባል መቀበያ የሌለው ሰው ቆሞ ይቀራል» አለችን። «ባዶ ጠርሙስ ማለት ያኔ ባዶ አይደለም።» ከዚያ ወዲህ ጄሪካኖቹን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን። እኛ ቆሻሻ ስንላቸው እሷ የዘይት ተራዋን ነው የምታይባቸው።

ግን እማማ መተኛት አለባቸው።

ያን ሰሞን ኢንተርኔት ስንጎረጉር ጃፓናዊቷን ማሪ ኮንዶን አገኘናት። በ2019 እ.ኤ.አ. በኔትፍሊክስ በቀረበው ፕሮግራሟ ስንቱን የዓለም ሕዝብ ካልሲ ያሳጠፈች ሴት ናት። ዘዴዋ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ዕቃውን በእጅህ ያዘው፣ ደስ ካሰኘህ አስቀምጠው፣ ካላሰኘህ አመስግነህ አሰናብተው። ምስጋናውን ወደድንላት። ደስታው ላይ ግን ተቸገርን። የኒዶ ቆርቆሮ እናታችንን ደስ አያሰኛትም፤ ልቧን ነው የሚያሳርፋት። ደግሞ ኮንዶ «ቀስ በቀስ» የሚባል ነገር አትወድም። ሥራው በየዓይነቱ ተለይቶ ባንድ ዘመቻ ማለቅ አለበት ባይ ናት፤ መጀመሪያ ልብስ፣ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ልዩ ልዩ ዕቃ፣ ትዝታ ያለበት ዕቃ መጨረሻ ላይ። እኛ ቤት ትዝታ የሌለበት ዕቃ የትኛው ነው? (ለነገሩ እሷም ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ቤቷን እንደ ድሮው ማስተካከሉን ተወት እንዳደረገችው በ2023 እ.ኤ.አ. ተናግራለች። ይቅር ብለናታል።)

ስለዚህ የራሳችንን ሕግ አወጣን። ከእናታችን ጋር ረጅም ድርድር ተካሂዶ ስምምነት ላይ ተደረሰ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ዓይነት ነገር ይወጣል። የሚወጣውን የምትመርጠው እሷ ናት፤ ተሸክመን የምናወጣው እኛ ነን። ይህቺን ሕግ በደንብ ያዙልን፣ ኋላ እንመለስባታለን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የሃይላንድ ሆነ። በረንዳ ላይ የተጠራቀመውን የውኃ ፕላስቲክ የሰፈር ልጆች በማዳበሪያ ሞልተው ወሰዱልን። እናታችን ሁለት አስቀረች። በሁለተኛው ቅዳሜ «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ በመስኮት ጠራነው። ቆርቆሮዎቹንና ሆዳሙን ቴሌቪዥን አስማማነው። እናታችን ደረጃው ድረስ ተከትላ «የት ነው የምትወስደው?» ብላ ጠየቀችው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አላት። እዚያ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ እንደሚሆን ሲነግራት ፊቷ ፈታ አለ። «ከተሠራበትማ ይሂድ» አለች። ያን ቀን አንድ ነገር ገባን። እናታችን ዕቃው ከቤት መውጣቱን አትጠላም። የምትጠላው ከንቱ መቅረቱን ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልዋጭ መጣች። ሦስት ጂንስና አንድ ጫማ ሰጥተን አንድ ትልቅ ሳፋ ተቀበልን። ዕቃ ልናወጣ ዕቃ አስገብተን ቁጭ! እንደ ሽንፈት መዝግበነዋል።

አራተኛው ከበድ ያለ ነበር። የአባታችን ሁለት ካፖርትና ሸሚዞቹ። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል እንውሰደው ተባባልን። እናታችን አርብ ማታ አንድ በአንድ አጠበች፣ ተኮሰች፣ የጎደለ ቁልፍ ተከለች። «ለመስጠት እኮ ነው፣ ምን አደከመሽ?» ስንላት «ሰው ሊለብሰው አይደል እንዴ?» አለች። ኮንዶ የምትለው ምስጋና ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

በአምስተኛው ሳምንት ተራው የብፌው ሆነ። ሳሎን ባለው ብፌ ውስጥ ወላጆቻችን ሲጋቡ በስጦታ የመጣ ሃያ አራት የእንግዳ ሰሃን አለ። እኛ ከተወለድን አንድም እንግዳ አልበላበትም። የአባታችን ለቅሶ ላይ እንኳ የዕድር ሰሃን ነው የወጣው። «እንግዲህ ከአባባ ለቅሶ የሚበልጥ ምን እንግዳ ይመጣል?» አልናት። ዝም ብላ ቆየችና ብፌውን ከፈተች። ልትሰጠው መስሎን ነበር። እሷ ግን የዕለቱን ሽሮ በእሱ አቀረበችልን። ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ከእጃችን አምልጦ ተሰበረ። ትንፋሻችንን ዋጥን። እናታችን ስባሪውን እየጠረገች «ሃያ ሦስትም ብዙ ነው» አለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ግማሽ ክፍል አስለቀቅን። እማማ ሊመጡ አምስት ቀን ቀራቸው። አልጋው ተገዝቷል። የቀረው ከበሩ ጀርባ ያለው ክምር ነው።

አባታችን አስተማሪ ነበር፤ ጋዜጣ አንባቢም ነበር። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ሲፈሉ፣ አራት ኪሎ ቁጭ ብለው በሳንቲም ተከራይተው ከሚያነቡት አንዱ እሱ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ሲሻሻል መግዛት ጀመረ። ጦቢያ መጽሔት፣ ሪፖርተር፣ አዲስ አድማስ፣ በኋላም በ2002 ዓ.ም. እስክትቆም ድረስ አዲስ ነገር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ጋዜጦች ከገበያ ሲጠፉ «ይኼማ አይጣልም» ብሎ በሲባጎ ማሰር ጀመረ።

እናታችንን በየቅዳሜው ስለ ጋዜጣው ጠይቀናታል። በየቅዳሜው «እሱን ቆዩኝ» ብላናለች።

አርብ ዕለት እናታችን ለቅሶ ሄደች። እኛ ደግሞ ሁለቱን እስር ተሸክመን ወረድን።

ከሁለታችን አንዷ ጋዜጠኝነት ተምራ የተመረቀች ናት። ክርክሩን ያዘጋጀችውም እሷ ናት፤ ክርክሩም ጥሩ ነበር። የድሮ ጋዜጣ የሚፈልግ ወመዘክር ይሂድ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። እዚያ በሥርዓት ተቀምጦ ይገኛል፤ እኛ ከበር ጀርባ አቧራ ማስበላታችን ለታሪክም አይጠቅምም። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ የሰፈራችን ባለሱቅ ወረቀት እያፈላለገ ነው። በኪሎ መዝኖ ገዛን። በብሩ ለአዲሱ አልጋ አንሶላ ገዛንበት። ለሰው ስናወራው ሁሉ ያማረ ነገር ነበር።

ሰኞ ማታ እናታችን ከዚያው ሱቅ ሳሙና ገዝታ ገባች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጠቅለያውን ፈታች። ከዚያ ቆመች። ወጡ ምድጃ ላይ እየተንተከተከ ነው፤ አላማሰለችውም። ሄደን አየን። የአንድ ጋዜጣ ገጽ ነው። ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያ በምናውቀው ዘመም ባለ እጅ ጽሑፍ «ውሸት!» ይላል።

ቀይ እስክሪብቶውን ረስተነው ነበር። የተማሪ ደብተር ሲያርም አመሽቶ፣ በዚያው እስክሪብቶ ጋዜጣውንም ያርም ነበር እኮ። እንዴት ይረሳል?

እናታችን አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር። ወረቀቱን በመዳፏ አስተካክላ አጠፈችና መኝታ ቤቷ ይዛው ገባች። ሳሙናው ጠረጴዛው ላይ አደረ። ማለዳ ሱቁ ገና ሳይከፈት በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ባለሱቁ ደንግጦ የቀረውን አወጣልን። ከሁለቱ እስር የተረፈው አንድ ክንድ የማይሞላ ወረቀት ነው። ሌላው በየቤቱ ሄዷል፤ ሻማ ተጠቅልሎበት፣ በርበሬ ተቋጥሮበት። የማን ቤት ብለን እናንኳኳ?

ጋዜጣው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል ብለን የተከራከርነው ልክ ነበርን። አሁንም ልክ ነን። ዳሩ ግን የትም አይገኝም።

እማማ የመጡት በዚህ ኩርፊያ መሀል ነው። በአዲሱ አልጋ ተቀምጠው ቤቱን በደከመ ዓይናቸው ቃኙት። «እናንተ ቤት ዕቃው ሰውን ይጠብቃል ወይስ ሰው ዕቃውን?» አሉ። ማንም አልሳቀም። ምን እንደሆንን አውጣጥተው ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ትንሽ ዝም አሉና «በሉ የቀረውን አንብቡልኝ» አሉን።

እንዲህ ሆኖ የእሑድ ከሰዓት ሥራችን ተጀመረ። ቡና ይፈላል፣ አንድ ሲባጎ ይፈታል፣ ገጽ በገጽ ይገለጣል። ዜናውን አናነብም፤ ቀዩን ብቻ። ከብዙ ገጽ ምንም አይወጣም። ከአንዱ ደግሞ «እስቲ እናያለን» የሚል ይወጣል። ከአንዱ የፊደል ግድፈት ተከቦ «የማን ተማሪ ነህ?» ይላል። እማማ በዚህኛው እስኪያነቡ ሳቁ። የኑሮ ውድነት ዜና ጎን የዚያን ሳምንት የጤፍ ዋጋ፣ የላምባ ዋጋ፣ የእኛ የወተት ዋጋ ተደምሮ ተቀምጧል። በአንዱ ስለ ፓርላማ ክርክር በሚያወራ ገጽ ዳር ደግሞ «ትንሿ ዛሬ ቆማ ሄደች» ይላል። ቀን የለውም። ጋዜጣው ግን ቀን አለው። ከሁለታችን አንዷ መቼ እንደቆመች ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ያወቅነው ከዚያ ነው።

እናታችን መጀመሪያ ከማድ ቤት ሆና ነበር የምትሰማው። በሦስተኛው እሑድ ወንበር ስባ መጣች። ሕጉንም ያወጣችው እሷው ናት፤ ዳሩ ላይ የተጻፈበት ይቀመጥ፣ ያልተጻፈበት ይሂድ። ከአንድ እስር የሚቀረው አንድ ፋይል አይሞላም። የቀረውን ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያው ሱቅ ወሰድነው። ተሸክመን የሄድነው እኛ ነን። ሂሳቡን የተቀበለችው እሷ ናት።

የእማማ ሕክምና በደህና አለቀ። የዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ በኋላ መጀመሪያ እንድናሳያቸው የጠየቁን ቀዩን ነው። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ ቀስ አድርገው ነዱት። «ይኼ ነው የልጄ እጅ?» አሉ። ነው አልናቸው።

ከሰባቱ እስር ሦስቱን ለይተን ጨርሰናል። ሁለቱ ይቀራሉ። ስለ ሌሎቹ ሁለቱ እናታችን አንድም ቀን አንሥታብን አታውቅም፤ ከሱቅ የመጣ መጠቅለያ ግን እስካሁን ሳታገላብጥ አትጥልም። እኛም እንደዚያው።

ቤታችሁን ልታጸዱ ካሰባችሁ አጽዱ፤ በያዛችሁት ግፉ። ቆራሌውንም ጥሩ፣ ልዋጭንም ተደራደሩ። መጀመሪያ ግን ሲባጎውን ፍቱት።