ጉርጥ አርቢው

ላም፣ ዶሮና ንብ የሚያረባ ሰው ይመሰገናል፤ ጉርጥ አረባ የተባለ እንደ ሆነ ግን ሰሚው ሁሉ ይሥቅበታል። እኔም ይህን ሥራ በሸዋ ሮቢት ስጀምር ያልሣቀ ጓደኛ አልነበረኝም። አያቴማ «ጉርጥ የነካ እጅ ኪንታሮት ያወጣል» ብለው ማዕድ ለዩኝ። ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ እንጂ በጉርጥ እንደማይመጣ ተምሬ ስለ ነበረ ሥራዬን አልተውሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በክረምት ዝናም የይፋት ቆላ ሲረሰርስ ጉርጥ በረጋ ውሃ ውስጥ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ዕንቁላሉም በረዥም ክር የተሰካ ጥቁር ዶቃ ይመስላል። ከመስኖ ቦያችን አንድ ስንዝር ያህል ወስጄ በመስተዋት ሣጥን አኖርሁ። በጥቂት ቀን የተፈለፈሉት እጮች እንደ ዓሣ በስንጥብ የሚተነፍሱ ሲሆኑ፣ ቀለባቸው የተቀቀለ ጎመን ነበረ። ከዚህ በኋላ መጀመሪያ የኋላ እግራቸው፣ ቀጥሎም የፊት እግራቸው ይወጣል፤ ጅራታቸውም እየመነመነ ይጠፋል። በዚህን ጊዜ በሳንባ መተንፈስ ስለሚጀምሩ መውጫ ድንጋይ ካላገኙ ሰጥመው ይሞታሉ። የእኔዎቹ ግን ሁለት ወር ሳይሞላቸው ድንጋዩ ላይ ተሰለፉ።

የጉርጥ ጠባይ ሁሉ አንድ አይደለም። በባሌ ተራሮች የሚኖር፣ የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች ባጠኑት በማልኮልም ላርገን ስም የተጠራ አንድ ጉርጥ አለ፤ እርሱ ዕንቁላሉን የሚጥለው በኩሬ ሳይሆን በእርጥብ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ አርቢ አስቀድሞ የእንስሳውን አኗኗር መጠየቅ ይገባዋል።

ጉርጥ ውሃን በአፉ አይጠጣም፤ በቆዳው ይስባል እንጂ። እንግዲህ በውሃው ውስጥ ያለ መርዝ በዚያው በቆዳው በኩል ይገባል ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ነገርኋቸው። እርሳቸው ሽንኩርት አምራች ሲሆኑ፣ የተባይ መድኃኒት ከረጩ በኋላ መርጫውን በዚያው ቦይ ያጥቡ ነበር። ሣጥኑን ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና «ከብቶቻችንም ከዚሁ ቦይ ይጠጣሉ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መርጫው ከቦዩ ርቆ ይታጠባል።

ጉርጦቹን ወደ መጡበት ቦይ መለስኋቸው። አሁን በየማታው ከሽንኩርቱ መደብ ጥንዚዛና ትል ይለቅማሉ፤ ደመወዝም አይጠይቁም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ጉርጥን ውደዱ አልላችሁም። ነገር ግን ድንጋይ ከማንሣታችሁ በፊት ሥራውን ጠይቁ፤ ለእርሱ ያልተስማማ ውሃ ለእኛም አይበጅምና።