ያላፈሰሰው ጣራ

አባቴን የዋሸሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጓዳው አፍስሶ ሸክላዎቹን ዝናብ አበላሻቸው።» ዛሬ ጁባ፣ ማንጋቴን ሰፈር ተቀምጬ የምናዘዘው ያንን ውሸት ነው።

አባቴ በደርግ ዘመን ሌኒንግራድ ምህንድስና ተምሮ ሲመለስ በሻንጣው 11 የሙዚቃ ሸክላ ይዞ መጣ። ሁሉም በሶቪየት ኅብረቱ የሸክላ አሳታሚ በሜሎዲያ የታተሙ ናቸው። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው የራክማኒኖቭን ሁለተኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ስቪያቶስላቭ ሪክተር ከሌኒንግራድ ፊልሃርሞኒክ ጋር፣ በኩርት ዛንደርሊንግ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1959 የተጫወተውን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ እጁን ታጥቦ ሸክላውን በጠርዙ ይዞ ያወጣዋል። በንጹሕ ጨርቅ ይጠርገውና መርፌውን ቀስ አድርጎ ያሳርፍበታል። መጀመሪያ ፒያኖው ብቻውን ስምንት ጊዜ ይመታል፤ እንደ ሩቅ ደወል ዝግ ብሎ ተነሥቶ እየጎላ፣ እየጎላ ይመጣል። ከዚያ ኦርኬስትራው ዜማውን ይቀበላል። አባቴ ስምንቱን ጉልበቱ ላይ በጣቱ ይቆጥራቸው ነበር። «ቁጭ በልና ስማ፣ ልጄ» ይለኛል። እኔ ስምንተኛው ሳይደርስ ወጥቼ እሄዳለሁ።

በኋላ ስትሮክ ግራ ጎኑን ያዘው። እኔ ደግሞ ወደ ጁባ ለመምጣት ተነሥቼ ገንዘብ አጠረኝ። ሸክላዎቹን ከነካርቶናቸው ከጓዳ አውጥቼ ፒያሳ አሮጌ ሸክላ ለሚገዛ ሰው በ2,200 ብር ሸጥኳቸው። አባቴ እሑድ ሙዚቃውን ሲጠይቀኝ ያቺን ውሸት ነገርኩት። «እስቲ አሳየኝ» እንኳ አላለኝም፤ አመነኝ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ዝናብ ምን ያድርግ? ጥፋቱ ጣራውን ያላሳደስኩት የእኔ ነው» አለ።

በሳምንቱ ሠራተኛ አስጠርቶ፣ ከጡረታው ቆጥቦ ያስቀመጣትን አውጥቶ የጓዳውን ቆርቆሮ በሙሉ አስቀየረ። አንዲት ጠብታ አፍስሶ የማያውቅ ጣራ! እሱ በረንዳ ላይ ከዘራውን ተደግፎ ሥራውን ይመለከታል፤ እኔ መሰላሉን ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔ እውነቱን ለመናገር ቀኑን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። አልተናገርኩም።

ጁባ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አባቴ አረፈ። ለቀብሩ አልደረስኩም።

ማንጋቴን ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ። ማታ ጀኔሬተሩ ሲጠፋ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። በአንዱ ምሽት ያንን የሪክተርን ቅጂ በስልኬ ፈልጌ አገኘሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ራክማኒኖቭ ራሱ፣ ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራና ከመሪው ከስቶኮቭስኪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1929 ያስቀረጸውንም አገኘሁ። ሪክተር ስምንቱን ምቶች እጅግ አዘግይቶ ነው የሚጀምረው፤ ደራሲው ግን ሳያንዛዛ ፈጠን ብሎ ያልፋቸዋል። አባቴ ቢኖር ሁለቱን እያፈራረቀ ቀኑን ሙሉ ይከራከረኝ ነበር። የሚከራከረኝ ሰው የለም።

አባቴ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 ቻይኮቭስኪ የመጀመሪያውን የፒያኖ ኮንቼርቶ ለፒያኖ ተጫዋቹ ለኒኮላይ ሩቢንስታይን ተጫወተለት። ሩቢንስታይን ሥራውን አጣጥሎ ካልተለወጠ አይሆንም አለው። ቻይኮቭስኪ አንዲት ኖታ አልለውጥም ብሎ ወጣ፤ ኮንቼርቶውም በዓመቱ ቦስተን ላይ በሃንስ ፎን ቢውሎቭ ተጫዋችነት ለሕዝብ ቀረበ። ሩቢንስታይን ግን በኋላ ስሕተቱን አውቆ ያንኑ ያጣጣለውን ሥራ በገዛ እጁ በመድረክ ተጫወተው፤ ቻይኮቭስኪ በሕይወት ሳለ። «ትልቅ ሰው ማለት ይኸ ነው» ይል ነበር አባቴ። ይህን ታሪክ የሚወድ ሰው እውነቱን ብነግረው እንዴት ይቅር እንደሚለኝ ያውቅበት ነበር። እኔ ግን ይቅር የማለት ዕድሉን ነፈግሁት፤ በራሱ ላይ እየፈረደም ወደ መቃብር እንዲወርድ አደረግሁት።

ባለፈው ሳምንት ለእማዬ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች።

«በስንት ሸጥካቸው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ለጣራው ከዚያ በላይ ከፍሏል» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ለሠራተኛው ሚስማሩን አንድ በአንድ ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ።